ጆሴፍ ማዲና የተማሪዎች ኦርኬስትራ

በአሜሪካ አገር አንድ የቆየ ልማድ አለ። በአንድ ወረዳ ውስጥ ያሉ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ከየኦርኬስትራቸው የተሻሉትን ተማሪዎች መርጠው ባንድ አዳራሽ ይሰበስባሉ። የሚጫወቱት ኖታ አስቀድሞ ስለ ደረሳቸው ልጆቹ ለብቻቸው ሲያጠኑት ሰንብተዋል። ከታወቀ ኦርኬስትራ ወይም ከዩኒቨርሲቲ አንድ መሪ በእንግድነት ይጠራል፤ እርሱም አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲያስለምዳቸው ይውልና ማታ ወላጆች በተሰበሰቡበት ያጫውታቸዋል። በማግሥቱ ሁሉም ወደየመጣበት ይመለሳል። ይህ ነገር ለሚያየው ሰው ተራ የትምህርት ቤት በዓል ይመስላል። ነገር ግን ልማዱ እንዲስፋፋ እጅግ ከደከሙት ሰዎች አንዱ የነበረው ጆሴፍ ማዲ በዚሁ በልጆች ሙዚቃ ምክንያት ከገዛ ሙያ ማኅበሩ እስከ መባረር ደርሷል፤ ጉዳዩም እስከ ኮንግሬስ ሄዷል። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ማዲ በ1891 በካንሳስ ውስጥ ዌሊንግተን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱም እናቱም አስተማሪዎች ነበሩ። ሙዚቃን በልጅነቱ ጀመረ፤ ገና 20 ዓመት ሳይሞላው በሚኒያፖሊስ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ውስጥ የቪዮላ ተጫዋች ሆኖ ገባ። ቪዮላ ከቫዮሊን ጥቂት ተለቅ የሚል፥ ድምፁ ወፈር ያለ መሣሪያ ነው። ቪዮላ የሚጫወተው ሰው ከኦርኬስትራው መካከል ስለሚቀመጥ ሕዝብ ብዙ ልብ አይለውም፤ እርሱ ግን ሁሉንም ይሰማል። ማዲ የኦርኬስትራን ሥራ የተማረው ከዚያ ሥፍራ ሆኖ ነው።

በዚያ ዘመን መሣሪያ የሚማር ልጅ ማለት አባቱ ለግል አስተማሪ ሊከፍልለት የቻለ ልጅ ማለት ነበር። በሮቸስተር ከተማ ግን የኮዳክ ካሜራ ባለጸጋ ጆርጅ ኢስትማን ለሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሙዚቃ መሣሪያ ገዝቶ ሰጠ። መሣሪያው ሲገኝ የሚያስተምረው ሰው አስፈለገ፤ በ1918 ማዲ ለዚሁ ሥራ ተቀጠረ። ከዚያም በ1920 ወደ ሪችመንድ ኢንዲያና፥ በ1924 ወደ አን አርቦር ሚሺጋን ሄደ። የሚኒያፖሊስ ትምህርት ቤቶች የሙዚቃ ኀላፊ ከነበረው ከጊዲንግስ ጋር ሆኖም በ1923 አንድ የማስተማሪያ መጽሐፍ አወጣ። የመጽሐፉ አሳብ በጊዜው ድፍረት ነበር፤ ይኸውም ቫዮሊኑም፥ ዋሽንቱም፥ መለከቱም ባንድ ክፍል ባንድ ጊዜ እንዲማሩና ልጆቹ አስቀድመው በአፋቸው በሚያውቁት ዜማ እንዲጀምሩ ነው። የዚያ ክፍል ጩኸት በመጀመሪያው ሳምንት ምን ይመስል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ቢሆንም የሪችመንድ ተማሪዎቹ በ1922 ናሽቪል ላይ በተሰበሰቡት የአገሪቱ የሙዚቃ ኀላፊዎች ፊት ቀርበው ተጫወቱ፤ ብዙ አስተማሪዎችም የአንድ ከተማ ተማሪዎች ይህን ያህል ሊጫወቱ መቻላቸውን ያን ጊዜ አዩ።

ማዲ ቀጥሎ ያሰበው ከዚህ የሰፋ ነበር። የአንዲት ከተማ ልጆች ይህን ከቻሉ፥ ከአገሩ ሁሉ የተመረጡት ቢሰበሰቡ ምን ሊሆን ነው? በ1926 ዲትሮይት ላይ ለሚደረገው ጉባኤ ወደየትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ላከ። ከ2መቶ በላይ የሚሆኑ ልጆች መሣሪያቸውን ተሸክመው ከብዙ ስቴቶች መጡ። አብዛኞቹ አይተዋወቁም፤ ሙሉ ኦርኬስትራ ውስጥ ተቀምጠው የማያውቁም ነበሩባቸው። ልምምዱ የጥቂት ቀኖች ብቻ ነበር። እንግዳው መሪ የዲትሮይት ሲምፎኒ መሪ ኦሲፕ ጋብሪሎቪች ነው፤ ሩሲያ ተወልዶ ያደገ የታወቀ ፒያኒስት፥ የደራሲው የማርክ ትዌይን የልጅ ባል። እንዲህ ያለ ሰው ለልጆች ብሎ የሚያለዝበው ነገር አይኖርም፤ የማዲም አሳብ ይኸው ነበር። ልጅ የልጅ ሙዚቃ ብቻ ከተሰጠው ልጅ ሆኖ ይቀራል ብሎ ያምን ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት በዳላስ የትምህርት ቤቶች የበላይ ኀላፊዎች በተሰበሰቡበት ሌላ ኦርኬስትራ ተሰማ። እነዚያ በጀት የሚቈርጡ ሰዎች በዚያው ስብሰባ ሙዚቃ ከመሠረታዊ ትምህርቶች እንዲቈጠር የሚል ውሳኔ አሳለፉ። በ1928 ደግሞ በቺካጎ ልጆቹን የቺካጎ ሲምፎኒው ፍሬዴሪክ ስቶክ መራቸው። ከዚያ ወዲህ የወረዳዎቹና የስቴቶቹ ዓመታዊ ስብሰባ እየበዛ ሄደ።

የእነዚህ ስብሰባዎች ጉድለት ግን ግልጽ ነው፤ ልጆቹ እርስ በርስ መሰማማት በጀመሩበት ሰዓት ይበተናሉ። ከዲትሮይት ጨዋታ በኋላ መለያየት እንቢ እንዳሉ ይነገራል። ማዲና ጊዲንግስ በሰሜን ሚሺጋን በሁለት ሐይቆች መካከል፥ ኢንተርሎከን በሚባል ሥፍራ፥ በጥድ ደን ውስጥ ካምፕ አቋቋሙ። መሬቱን የሰጣቸው በዚያ ሆቴል የነበረው ሰው ነው፤ በለውጡ ሆቴሉ ተማሪዎቹን ይቀልባል። በ1928 ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወራት 115 ተማሪዎች ገቡ። በሚቀጥለው ዓመት የኤኮኖሚው ውድቀት ደረሰና ካምፑ ለብዙ ዘመን በዕዳ ተንገዳገደ።

ስለ ካምፑ ሕይወት አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። በማዲ ዘመን በየሳምንቱ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ ከፊቱ ያለውን ሊገዳደር ይችል ነበር፤ ሁለቱ ያንኑ ክፍል በየተራ ይጫወቱ ነበር፤ የሚፈርዱትም የመሣሪያው ክፍል ተማሪዎች ራሳቸው በድምፅ ብልጫ ነበር። በአንዱ ሳምንት አንደኛ የተቀመጠ በሚቀጥለው ሳምንት አራተኛ ሊሆን ይችል ነበር። ጨካኝ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን በአስተማሪ ፊት ከመለማመጥ ይልቅ በጓደኛ ጆሮ መመዘን ይሻላል ከሚሉት ወገን ነኝ።

እንግዶቹ መሪዎችም ወደ ደኑ መምጣት ጀመሩ። የማርሽ ንጉሥ የሚባለው ጆን ፊሊፕ ሱዛ በ70ዎቹ ዕድሜው መጥቶ መራቸው፤ የሰሜን ጥዶች የሚል ማርሽም ሠርቶ ሰጣቸው። ሃዋርድ ሃንሰን በ1931 ሁለተኛ ሲምፎኒውን ሲያስጫውት አንዱን ዜማ ልጆቹ ስለ ወደዱት የካምፑ መለያ ሆነ፤ እስከ ዛሬም በዚያ ሙዚቃ ሲያልቅ ይሰማል። ጨዋታውም በራዲዮ ወደ አገሩ ሁሉ ይሰራጭ ነበር። ጠቡ የመጣው ከዚሁ ነው።

በ1942 የአሜሪካ ሙዚቀኞች ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ጄምስ ፔትሪሎ የተማሪዎቹ ጨዋታ በኤን ቢ ሲ እንዳይተላለፍ ከለከለ፤ ጣቢያውም ታዘዘ። ፔትሪሎን እንደ ክፉ ሰው ብቻ ማየት ቀላል ነው። እርሱ ከቺካጎ ድሃ ሠፈር የወጣ መለከት ነፊ ነበር። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ በሲኒማ ቤት የሚጫወቱ በሺሕ የሚቈጠሩ ሙዚቀኞች ባንድ ጊዜ እንጀራቸውን ሲያጡ አይቷል፤ ሸክላውና ራዲዮውም የቀሩትን እያሳደዱ ነበር። በእርሱ አስተያየት ልጆች በነጻ የሚሞሉት አንድ ሰዓት የቤተሰብ አባት የማይከፈልበት ሰዓት ነው። ፍርሃቱ ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ተማሪ የተማረውን ማሰማቱን ከቅጥር ሥራ ጋር አንድ አድርጎ መቍጠሩና ሙዚቀኛን ከሥራ ያስወጣውን መኪና ትቶ ልጆቹን መያዙ ስሕተት ይመስለኛል። ከዚህም በላይ ነገ የማኅበሩ አባል የሚሆኑት እነዚያው ልጆች ነበሩ።

ማዲ እሽ አላለም። ከወጣትነቱ ጀምሮ የማኅበሩ አባል ስለ ነበር ክርክሩ ከቤት ውስጥ ነበር። በየከተማው እየዞረ ተናገረ፤ ለሴናተሮች ጻፈ፤ በኮንግሬስ ኮሚቴ ፊት ቆመ። ፌዴሬሽኑ አባላቱ በኢንተርሎከን እንዳይሠሩ አገደ፤ ማዲ በራሱ ካምፕ ማስተማሩን ስላላቆመ በ1946 ከአባልነት ተሰረዘ። በዚያው ዓመት ኮንግሬስ የሊ ሕግ የሚባለውን አወጣ፤ ከሌላው ሁሉ ጋርም ለትርፍ ያልሆነ የትምህርት ፕሮግራም እንዳይተላለፍ የራዲዮ ጣቢያን ማስገደድ ወንጀል ሆነ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1947 ሕጉን አጸናው። ይሁን እንጂ ሕጉ ከልጆቹ ጉዳይ አልፎ የሠራተኛውን ማኅበር ክንድ በሌላም በኩል ስላሰረ የሠራተኛ ወገኖች እስከ መጨረሻው ሲቃወሙት ኖረው በ1980 ተሽሯል። የማዲ ድል ለሌላ ሰው ዱላ ማቀበሉን መሸሸግ አይገባም።

ማዲ ካምፑን ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ትምህርት ቤት ለማድረግ የነበረው ምኞት በ1962 ተፈጸመ። በ1963 ደግሞ በጥዱ መካከል ኢንተርሎከን የራሱን የራዲዮ ጣቢያ ከፈተ፤ የተማሪዎቹንም ጨዋታ በገዛ አየሩ ያሰማ ጀመር። ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በኤፕሪል 1966፥ ማዲ በ74 ዓመቱ ዐረፈ።