እቴጌ ጣይቱ ብጡልና የመስተንግዶ ሥራ ዋጋ

በአገራችን እንግዳ የእግዜር ነው ይባላል። እንግዳ ሲመጣ የቤቱ ምርጥ መቀመጫ ይለቀቅለታል፤ እግሩ ይታጠባል፤ ለልጅ የተቀመጠው እንጀራ ሳይቀር ይቀርብለታል። ይህ ልማድ የምንኮራበት ነው። ነገር ግን ሌላም ገጽታ እንዳለው መካድ አይቻልም። ለእንግዳው ክብር ሲሰጥ፣ እግር ያጠበችው፣ እንጀራውን የጋገረችው፣ ውሃውን ከምንጭ ተሸክማ ያመጣችው ሴት ከጓዳ ሳትወጣ ቀርታለች። መስተንግዶ ምግባር እንጂ ሥራ አይደለም ተብሎ ስለ ታመነ፣ ለሥራው ዋጋ መተመን እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ይህ አስተሳሰብ ዛሬም በጂንካም ሆነ በአዲስ አበባ በሆቴል ሠራተኛው ደመወዝ ላይ ጥላውን እንዳጠላ ነው። ስለዚህ በአገራችን ምግብና ማደሪያ በገንዘብ የሚቀርብበትን ዘመናዊ ቤት ቀድመው ያቆሙትን የእቴጌ ጣይቱ ብጡልን ሕይወት በዚህ ዓይን መመልከት ለሙያው ባለቤቶች ይጠቅማል።

እቴጌ ጣይቱ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ከየጁና ከሰሜን መኳንንት ወገን ተወለዱ። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም ሲሆኑ፣ አጎታቸው ሰሜንንና ትግራይን የገዙት ደጃዝማች ውቤ ነበሩ። የልጅነት ዘመናቸው አፄ ቴዎድሮስ የየአገሩን መሳፍንት ያንበረከኩበት ወቅት ስለ ነበር የዘመዶቻቸውን ውድቀት እያዩ አደጉ። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ብርቅ የሆነውን የንባብና የጽሕፈት ትምህርት ቀሰሙ፤ ግዕዝ ያውቁ፣ በገና ይደረድሩ፣ ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር። ለወጣትነታቸው በተከታታይ የገጠማቸው ትዳር አልሰመረላቸውም፤ ልጅም አልወለዱም። በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር በቁርባን ሲጋቡ፣ ዓለምን ያዩና የቤተ መንግሥትን ጠባይ ጠንቅቀው የተረዱ ሴት ነበሩ።

በዚያን ጊዜ ቤተ መንግሥት ማለት የመንግሥት መቀመጫ ብቻ አልነበረም፤ ከሁሉ አስቀድሞ ታላቅ ማዕድ ነበር። ንጉሥ ግብር ካላበላ ንጉሥ አይባልም። በአዳራሹ መኳንንቱ እንደ ማዕረጋቸው ይቀመጣሉ፤ ከእነርሱ በኋላ ጭፍራው፣ በመጨረሻም ድኃው እየተፈራረቀ ይገባል። የእልፍኝ አስከልካዩና የአጋፋሪው ስም በታሪክ ሲጠራ፣ ከበስተጀርባ ግን ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ ሰዎች ነበሩ፤ ጠጅ ጣዮች፣ ጠጅ አሳላፊዎች፣ እንጀራ ጋጋሪዎች፣ ወጥ ሠሪዎች፣ እንጨት ሰባሪዎች፣ ውሃ ቀጂዎች፣ ቀን ከሌት ወፍጮ ላይ የሚያጎነብሱ ፈጪዎች። የዚህ ሁሉ ሥራ የበላይ አዛዥ የቤቱ እመቤት ነበረች። እቴጌ ጣይቱም ጓዳውን እንደ አንድ ትልቅ የሥራ ድርጅት ይመሩት ነበር፤ ምን እንደ ገባ፣ ምን እንደ ወጣ፣ ማን ምን እንደ ሠራ ያውቁ ነበር። በ1880 ዓ.ም. መባቻ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ለቀናት የዘለቀው ግብር ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጣውን የምግብ ዓይነት በአንድ ማዕድ ያገናኘ እንደ ነበር የታሪክ ሰዎች ጽፈዋል።

ከዚያው ዘመን ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1879 ዓ.ም.፣ እቴጌይቱ በፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሲቀቡ እርሳቸውም እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በውጫሌ ውል አሥራ ሰባተኛ አንቀጽ የተነሣ ከኢጣልያ ጋር በተፈጠረው ክርክር፣ የአገሩን ነጻነት ለድርድር ለማቅረብ ፈጽሞ ካልፈቀዱት ግንባር ቀደም ሰዎች አንዷ ነበሩ። በ1888 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲመጣም የራሳቸውን ጦር አስከትለው ዘመቱ። በመቀሌ ምሽጉን ይዞ የነበረው የኢጣልያ ጦር የሚጠጣበት ምንጭ እንዲያዝበት ያቀዱት እርሳቸው እንደ ሆኑ ይታወቃል፤ ምሽጉም በውሃ ጥም ተጨንቆ ተለቀቀ። የካቲት 23 ቀን በአድዋ ደግሞ ሴቶቹን አሰልፈው ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውሃ ያዳርሱ ነበር። ጓዳን የሚያውቅ ሰው ውሃ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያውቃል። ያ ሁሉ ሠራዊት ከሸዋ እስከ ትግራይ የዘለቀው በጠመንጃ ብቻ አልነበረም፤ ስንቅ በተሸከሙ፣ እህል በፈጩ፣ እንጀራ በጋገሩ ሴቶችና አገልጋዮች ትከሻም ጭምር ነበር።

ይህን ሁሉ ስንመሰክር እውነቱን በሙሉ መናገር ይገባናል። የዚያ ዘመን ማዕድ የቆመው በአብዛኛው ያለ ክፍያ በሚሠራ ጉልበት ላይ ነበር። ከአገልጋዮቹ አንዳንዶቹ በባርነት የተያዙ ነበሩ። በመንገድ የሚያልፍ ሹም ወይም የንጉሥ ፈቃድ የያዘ መንገደኛ ሲመጣ፣ የአገሩ ገበሬ ድርጎ የሚባለውን የምግብ ቀለብ ያለ ዋጋ እንዲያቀርብ ይገደድ ነበር፤ እንግዳ ተቀባይነት በዚህ መልኩ የግብር ዓይነት ሆኖ ነበር። የደቡብ ኦሞ አካባቢም በዚያው በምኒልክና በጣይቱ ዘመን በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ሲጠቃለል፣ የአሪና የአካባቢው ገበሬ ገባር ተደርጎ ለነፍጠኛው ተደለደለ። ገባሩ እህል ከማስገባት ሌላ፣ እንጨት ይሰብር፣ ቤት ይሠራ፣ ሚስቱም ለጌታው ቤት እህል ትፈጭ ነበር። የመሬት ይዞታውን ሥርዓት ከነሥሩ የነቀለው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው። ስለዚህ በጂንካ አካባቢ ላለ ሰው፣ ሌላውን ያለ ክፍያ ማስተናገድ ሩቅ ታሪክ አይደለም፤ አያቶቹ የሚያውቁት ነገር ነው።

እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ መጨረሻ ገደማ በአራዳ ያቆሙት ሆቴል ትርጉም ጎልቶ የሚታየው ከዚህ አንጻር ነው። አዲስ አበባ ሰፍታለች፤ የውጭ መልእክተኞች፣ ነጋዴዎችና መንገደኞች በብዛት ይመጣሉ፤ የምድር ባቡር ሐዲድም ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬ ዳዋ ደርሷል። ይህን ሁሉ እንግዳ በድርጎና በግብር ብቻ ማስተናገድ የሚቻል አልነበረም። እቴጌይቱም እንግዳ ከፍሎ የሚበላበትና ከፍሎ የሚያድርበት ቤት አሠሩ። እንደሚተረከው፣ መጀመሪያ ላይ ምግብ ገዝቶ መብላት እንደ ውርደት ስለ ታየ ሰው ወደ ቤቱ ለመግባት አፈረ፤ አፄ ምኒልክም መኳንንቱን አስከትለው ሄደው ተመገቡና ሒሳቡን ራሳቸው ከፈሉ። ከዚያ ወዲህ ሌላውም መድፈር ጀመረ። በትረካው ውስጥ ትልቁ ነገር ንጉሡ መብላታቸው ሳይሆን መክፈላቸው ነው። ግብር በማብላት የሚታወቀው ንጉሥ ለሌላ ሰው ሥራ ዋጋ ሲከፍል መታየቱ፣ መስተንግዶ ዋጋ ያለው ሥራ መሆኑን በአደባባይ ማወጅ ነበር።

በዚያው ሰሞን፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ምኒልክ የእጅ ባለሙያዎችን በሥራቸው ምክንያት መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረዋል። አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን ማንቋሸሽ አገርን ባዶ የሚያስቀር መሆኑን ተረድተው ነበር። ሆቴሉና አዋጁ ከአንድ ሐሳብ የፈለቁ ይመስላሉ። ይሁን እንጂ ሁለቱም ከላይ የመጡ ስጦታዎች ናቸው። ለምግቡ ዋጋ ተተመነ፤ ምግቡን ለሠራችው ሴት ግን ምን ይከፈላት የሚለው ጥያቄ ለቤቱ ባለቤት ፈቃድ ብቻ ተተወ። ስጦታ ደግሞ ሰጪው ሲደክም አብሮ ይደክማል።

የእቴጌይቱ የራሳቸው ሥልጣንም የዚህ ምሳሌ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ በጽኑ ሕመም ከተያዙ በኋላ አገሩን ለማስተዳደር ቢጥሩም፣ መኳንንቱ ተባብረው በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ወደ እንጦጦ ወጡ፤ በዚያም በጸሎት ተወስነው ቆይተው የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። አጽማቸው በታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ከባለቤታቸው አጠገብ ያርፋል። የሆቴላቸው ሕንጻ ግን ከመንግሥት ወደ መንግሥት እየተላለፈ፣ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ከፊሉን ካጠፋው ቃጠሎም ተርፎ በፒያሳ ቆሟል።

እቴጌይቱ ሳይመልሱት የተዉትን ጥያቄ መመለስ የጀመሩት ሠራተኞች ራሳቸው ናቸው። በባቡር ኩባንያውና በወንጂ የስኳር ፋብሪካ የተጀመረው የመሰባሰብ ጥረት አድጎ፣ በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በአቶ አብርሃም መኰንን ሊቀ መንበርነት ተቋቋመ። በዓመቱም የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210 ወጣ። ማኅበሩ ከየካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ባደረገው የሥራ ማቆም አድማ ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ጉዳይ ነበር። ማኅበሩ በደርግ ዘመን ቢፈርስም የሠራተኛው የመደራጀት ሐሳብ አልፈረሰም። ዛሬ በኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ሥር የሆቴልና የቱሪዝም ሠራተኞች የራሳቸው ፌዴሬሽን አላቸው።

አሁን በሥራ ላይ ያለው የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1156 ለሙያችን የሚበጁ ድንጋጌዎች አሉት። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከስምንት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በትርፍ ሰዓት የሠራ ሰው በቀን አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ አራት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አንድ ከሦስት አራተኛ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈለዋል። ከደንበኞች የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያ ደመወዝ አይባልም፤ እንግዳው ጉርሻ ይሰጥሻልና ደመወዝሽ ይነስ የሚል አሠሪ ስለዚህ የሕግ ድጋፍ የለውም። አንድን ሠራተኛ የማኅበር አባል በመሆኑ ማሰናበትም ሕጋዊ አይደለም። ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልን የሚመለከት ቦርድ እንደሚቋቋምም በአዋጁ ተደንግጓል።

ከእነዚህ ሁሉ ለጂንካ፣ ለቱርሚና ለዲመካ ይበልጥ የሚጠቅመው ስለ ማኅበር ምሥረታ የተጻፈው ነው። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። በእነዚህ ከተሞች ግን ብዙው ምግብ ቤትና አልጋ ቤት በአምስትና በስድስት ሠራተኛ የሚተዳደር ነው፤ እንግዳውም በወራት የሚወሰን ነው። መንገደኛ ሲበዛ ሌሊቱ ቀን ይሆናል፤ ሲጠፋ፣ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት እንደ ታየው፣ አስተናጋጁና ወጥ ሠሪዋ ያለ ሥራ ይቀራሉ። እንዲህ የተበተነ ሠራተኛ ለብቻው ምንም ማለት አይችልም። ሕጉ ግን ከአሥር ያነሰ ሠራተኛ ባላቸው ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎች፣ አባላቱ ከአሥር ካላነሱ፣ ጠቅላላ ማኅበር በጋራ እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። ከአንዱ ቤት ሦስት፣ ከሌላው አራት፣ ከሦስተኛው አምስት ሰዎች ቢገናኙ አሥራ ሁለት ይሆናሉ፤ ይህም ለመነሻ ይበቃል።

ባለቤቶችም ይህን በጥርጣሬ ሊመለከቱት አይገባም። አስተናጋጅ በየወሩ በሚቀያየርበት ቤት እንግዳ አይመለስም፤ ሙያው የሚሰነብተው ባለሙያው ሲሰነብት ነው። ከኦሞ ሸለቆ ዝና የተነሣ ከሩቅ አገር የሚመጣ እንግዳ የሚያስታውሰው መልክዓ ምድሩን ብቻ ሳይሆን ያስተናገደውን ሰው ፊት ነው።

እቴጌ ጣይቱ ለሠራተኛ ማኅበር የቆሙ ሰው አልነበሩም፤ ዘመናቸውም ያንን አያውቅም። የሠሩት ነገር ግን ግልጽ ነው፤ ማዕድ ዋጋ እንዳለው አሳይተዋል። ማዕዱን የሚያቀርበው እጅም ዋጋ እንዳለው ማሳየት ደግሞ ለእኛ የቀረ ሥራ ነው፤ ይህንንም አንድ ጌታ እንዲያደርግልን ከመጠበቅ ይልቅ ተሰብስበን፣ ሕጉን አንብበን፣ በኅብረት ስምምነት ልናጸናው ይገባል።