ሚካኤል ፋራዴይና ድምፅ የሚያንቀሳቅሰው ዱቄት

በከበሮ ቆዳ ላይ ዱቄት ነስንሶ ከበሮውን የመታ ሰው ዱቄቱ ሲዘል ያያል። ከዚህም ድምፅ በጆሮ ከመሰማቱ በቀር ጥቃቅን ነገሮችን የማንቀሳቀስ ኃይል እንዳለው እንረዳለን። ይህን ኃይል በሚገባ ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ እንግሊዛዊው ሚካኤል ፋራዴይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፋራዴይ በ1791 ዓ.ም. በሎንዶን አጠገብ ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ቤተሰቡ ችግረኛ ስለ ነበረ ልጁ ከማንበብ፣ ከመጻፍና ከጥቂት ሒሳብ በቀር በትምህርት ቤት አልተማረም። በ14 ዓመቱ ከአንድ መጻሕፍት ነጋዴ ዘንድ ገብቶ 7 ዓመት የጥረዛ ሙያ ሲማር፣ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት ያነብ ነበር። በ1812 ዓ.ም. የታወቀው የኬሚስትሪ ሊቅ ሃምፍሪ ዴቪ ሲያስተምር ሰማ፤ የሰማውንም ጽፎ በእጁ ጠርዞ ላከለት። በሚቀጥለውም ዓመት የዴቪ ረዳት ሆኖ በሮያል ኢንስቲትዩሽን ተቀጠረ።

ጀርመናዊው ክላድኒ በ1787 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ በስስ ገበታ ላይ አሸዋ ተነስንሶ ጠርዙ እንደ መሰንቆ በደጋን ሲገዘገዝ፣ አሸዋው በማይንቀጠቀጡት መስመሮች ላይ እንደሚሰበሰብ አሳይቶ ነበር። የላመ ዱቄት ግን በተቃራኒው እጅግ በሚንቀጠቀጠው ቦታ ይከመራል። ምክንያቱ ምን ይሆን? ፋራዴይ በ1831 ዓ.ም. ዱቄቱን የሚወስደው ከገበታው መንቀጥቀጥ የተነሣ የሚዞረው አየር መሆኑን አስረዳ። ይህንንም ለመፈተን ገበታውን በመስተዋት ዕቃ ውስጥ አድርጎ አየሩን ቢያወጣው፣ ዱቄቱ እንደ አሸዋው ወደ ጸጥተኞቹ መስመሮች ሄደ። ገበታው በውሃ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ከባዱ አሸዋ ራሱ በውሃው እየተወሰደ እንደ ዱቄቱ ሆነ።

በዚያው ዓመት በማግኔት እንቅስቃሴ ኤሌክትሪክ ማስገኘትን ስለ ደረሰበት፣ ስሙ ይበልጥ የሚነሣው በዚህ ነው። የአየሩን መዞር ግን በ1884 ዓ.ም. ሎርድ ሬይሊ በሒሳብ አብራራው። ዛሬም ተመራማሪዎች በጆሮ በማይሰማ ድምፅ፣ በፈሳሽ ውስጥ ያሉ ሕዋሳትን በመሣሪያ ሳይነኩ ይሰበስባሉ፤ ይለያሉም።

ፋራዴይ የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንትነት ቢቀርብለት ሳይቀበል፣ በ1867 ዓ.ም. ዐረፈ። በአገራችን ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ በሙያቸው ይናቁ እንደ ነበረ ወላጆቻችን ያውቃሉ። የቀጥቃጩ ልጅ ፋራዴይ ግን በእጅ ሥራ የለመደውን ትዕግሥት ለምርምር አዋለው። እኛም የኮሶዬ ተማሪዎች ባለ እጁን እናክብር፤ ምክንያቱን ያላወቅነውንም ነገር እንደ እርሱ ፈትነን እንወቅ።