ሄንሪ ሶልትና ያላየው ሜዳ

ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው ከይፋግ እስከ ወረታ የተዘረጋውን የፎገራ ሜዳ ያጥለቀልቁታል፤ ውሃው ሲሸሽ ሣሩ ይለመልማል፤ ስመ ጥሩው የፎገራ ከብትም በላዩ ይሰማራል። ይህን ውበት በደጁ ያገኘ ሰው ሳሎኑን ሊያስጌጥ ሲነሣ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰቅለው በሸራ ላይ ታትሞ በክፈፍ የተወጠረ፣ በረዶ የለበሰ ተራራና ጥድ የከበበው ሐይቅ የሚታይበት የባሕር ማዶ ሥዕል ነው። ሙያችን የሰውን ቤት ማስጌጥ ስለ ሆነ ነገሩ እኛን ይመለከተናል። የአገራችን መልክአ ምድርም በተራው ለባሕር ማዶ ሰው ግድግዳ የበቃበት ጊዜ ነበር። ይህንም የእንግሊዛዊው ሠዓሊ የሄንሪ ሶልት ሕይወት ያስረዳናል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሶልት በ1780 በሊችፊልድ ከተማ ከአንድ ሐኪም ቤተሰብ ተወለደ። በወጣትነቱ ለንደን ሄዶ ከመልክአ ምድር ሠዓሊው ከጆሴፍ ፋሪንግተን፣ ኋላም የሰው መልክ በመሣል ከታወቀው ከጆን ሆፕነር ተማረ። የሰዎችን መልክ እየሣለ ለመኖር ቢመኝም አልተሳካለትም። ስለዚህ በ1802 ጸሐፊና ሠዓሊ ሆኖ ከመኳንንቱ አንዱ የነበረውን ቫይካውንት ቫለንሺያን ተከትሎ ወደ ሕንድ ተጓዘ። በ1805 ከምጽዋ ወደ ትግራይ ወጥቶ አንጣሎ ላይ ከራስ ወልደ ሥላሴ ጋር ተገናኘ። አክሱም ደርሶም ሐውልቱን ሣለ፤ የንጉሥ ኢዛናን የግሪክ ጽሑፍ ገለበጠ።

በ1809 የሶልትን 24 ሥዕሎች የያዘ ትልቅ ጥራዝ ለንደን ላይ ታተመ። ሥዕሎቹ ከቅድስት ሄሌና ደሴት እስከ ሕንድ፣ ከቀይ ባሕር እስከ ኢትዮጵያና ግብፅ ያየውን ምድር ያሳያሉ። የኅትመቱ ዘዴ አኳቲንት ይባላል። ቀራጮች ሥዕሉን ወደ መዳብ ሰሌዳ ካሸጋገሩ በኋላ ሰሌዳው የሙጫ ዱቄት ይነሰነስበታል፤ አሲድም በቅንጣቶቹ መካከል እየገባ መዳቡን ይበላዋል። አሲዱ በቆየ መጠን ጥላው ይጠቁራል። በወረቀት የታተመውን ደግሞ ባለሙያዎች በብሩሽ ቀለም ይቀቡታል። እንዲህ ያሉትን ትልልቅ ኅትመቶች ከጥራዙ አውጥቶ በክፈፍ መስቀል የተለመደ ስለ ነበር፣ የአክሱም ሐውልት አገሩን አይቶ በማያውቅ ሰው ሳሎን ለመታየት በቃ።

በዚያው ዓመት ሶልት ከንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ለጎንደሩ ንጉሠ ነገሥት የተላከ ደብዳቤና ስጦታ ይዞ ዳግመኛ መጣ። ነገር ግን በ1810 ጨለቖት ሲደርስ፣ ራስ ወልደ ሥላሴና የበጌምድሩ ራስ ጉግሣ ባላንጣዎች ስለ ነበሩ ወደ ጎንደር ማለፍ አልቻለም። ስጦታውንም ራስ ወልደ ሥላሴ ተቀበሉ፤ ከመካከሉ አንድ የእመቤታችን ሥዕል ለጨለቖት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። ጄምስ ብሩስ በ1770 ያለፈበትን የፎገራ ሜዳ ሶልት ሳያየው ተመለሰ። እነሆ የመሳፍንቱ ጠብ ያስከተለው ጉዳት በእርሻና በገበያ ብቻ አልተወሰነም፤ በጌምድርን ከሶልት የሥዕል ማኅደርም አስቀርቶታል።

ሶልት የጉዞውን ታሪክ በ1814 አሳተመ፤ በ1815 በግብፅ የእንግሊዝ ዋና ቆንሲል ሆኖ ተሾመ። ከዚያ ወዲህ ልፋቱን ያዋለው በአብዛኛው ጥንታዊ ቅርሶችን በመሰብሰብ ላይ ነበር። የብሪታንያ ሙዚየም በ1823 የመጀመሪያ ስብስቡን የገዛበት 2,000 ፓውንድ ግን ወጪውን እንኳ አልሸፈነለትም። በ1827 በእስክንድርያ አቅራቢያ በ47 ዓመቱ አረፈ።

ሶልት የመጣው የአገሩን ንግድና ጥቅም ለማስፋት ስለ ነበር፣ የኛን ምድር ያየው በእንግዳ ዓይን ነው። ቢሆንም በሥራው አንድ ትምህርት ትቶልናል፤ ይኸውም ለኅትመት የሚበዛው አንድ ሰው በቦታው ቆሞ የሣለው ምድር ብቻ መሆኑ ነው። ዛሬ አንድን ሥዕል በሸራ ላይ ለማባዛት መዳብና አሲድ፣ የወራትም ድካም አያስፈልግም። ስለዚህ ለደንበኛ ከምናቀርባቸው ናሙናዎች አንዱ እንኳ በአገሩ ልጅ እጅ የተሣለ የፎገራ ሜዳ ቢሆን፣ ሠዓሊውም ፈቃዱ ተጠይቆ የድካሙን ዋጋ ቢያገኝ፣ የይፋግ ሰው የገዛ ምድሩን በሳሎኑ ለመስቀል ይችላል።