ስለ ቻርልስ ዲክንስ ሕይወትና ስለ ገና መጽሐፉ

ይህን ዝነኛ እንግሊዛዊ ደራሲ ያወቅሁት «የገና መዝሙር» የተባለውን አጭር ልብ ወለዱን በክፍል ውስጥ ስናነብ ነው። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ አልወደድሁትም። ስክሩጅ የሚባል ገብጋባ ሽማግሌ በገና ዋዜማ ሌሊት መናፍስት መጥተው ቢያስፈራሩት በማግሥቱ ቸር ሆኖ ተነሣ ቢሉኝ፥ የሕፃናት ተረት ነው ብዬ ተውሁት። የደራሲውን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ ግን መጽሐፉን እንደ ገና ገለጥሁት።

ዲክንስ በ1812 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) ፖርትስመዝ በተባለች የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ በባሕር ኃይል የደመወዝ ክፍል ጸሐፊ ነበር፤ ሰውዬው ተጫዋች ቢሆንም የገንዘብ አያያዝ አያውቅም። በ1824 በዕዳ ተይዞ ለንደን ውስጥ ማርሻልሲ በተባለው ወህኒ ቤት ገባ፤ እናቲቱም ትንንሾቹን ልጆች ይዛ ተከተለችው። ቻርልስ ግን በ12 ዓመቱ በቴምዝ ወንዝ ዳር አይጥ በሚርመሰመስበት አሮጌ ቤት ውስጥ፥ በጫማ ቀለም ፋብሪካ ተቀጥሮ በቀለሙ ዕቃ ላይ ወረቀት እየለጠፈ በሳምንት 6 ሽልንግ ያገኝ ነበር። አባቱ ከተፈታ በኋላም እናቱ ልጁ ወደ ፋብሪካው እንዲመለስ ፈለገች፤ ትምህርት ቤት ያስገባው አባቱ ነው። ይህን የእናቱን ነገር ከልቡ አላወጣውም። (እኔ ግን አልፈርድባትም፤ ቤቱን በምን ታቁመው?)

ከዚያ በኋላ የጠበቃ ጸሐፊ፥ ቀጥሎም የጋዜጣ ወሬ አቀባይ ሆነ፤ በ25 ዓመቱም ስሙ በአገሩ ሁሉ ታወቀ።

በ1843 በፋብሪካ ስለሚሠሩ ሕፃናት የመንግሥት መርማሪዎች ሪፖርት አወጡ። ዲክንስም በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ የድኻ ልጆች በነጻ የሚማሩበትን ቤት ሄዶ አየ። አስቀድሞ ያሰበው የክርክር ጽሑፍ ሊያሳትም ነበር፤ ነገር ግን ታሪክ የበለጠ እንደሚመታ ስለ ተረዳ በ6 ሳምንት ያህል ጽፎ በዲሴምበር 19 ቀን አወጣው። ገና ሳይደርስ 6,000 ቅጂ ተሸጠ።

ስክሩጅ ድኾች ወደ ወህኒና ወደ ሥራ ቤት ይሂዱ ሲል የገዛ ክፋቱን ብቻ አይናገርም። በ1834 የወጣው ሕግ ችግረኛን፥ ባልና ሚስት ተለያይተው ወደሚያድሩበት ሥራ ቤት የሚነዳ ነበር። ሁለተኛው መንፈስ ከካባው ሥር ሁለት የከሱ ልጆች ያወጣል፤ ሴቲቱ ችጋር፥ ወንዱ ድንቍርና ይባላሉ። ይልቁንም ወንዱን እንዲፈራ ስክሩጅን ያስጠነቅቀዋል። ይህን ስደርስ በቀለም ፋብሪካው ሳይማር እንዳይቀር የፈራው ልጅ ታየኝ። የምስኪኑ የቦብ ክራቺት ቤት እንኳ ያለው ዲክንስ በልጅነቱ በኖረበት በካምደን ታውን ሰፈር ነው።

አንድ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። የስክሩጅ ልብ ሲለወጥ የቦብ ደመወዝ ይጨመራል፤ ሕጉ ግን እንዳለ ይቀራል። ጌታው ባይለወጥስ ኖሮ ትንሹ ቲም ይሙት?

ዲክንስ በጁን 9 ቀን 1870 ሞቶ በዌስትሚንስተር ተቀበረ። የፋብሪካውን ነገር ሕዝቡ ያወቀው ከሞተ በኋላ ወዳጁ ጆን ፎርስተር የሕይወት ታሪኩን ባሳተመ ጊዜ ነው፤ ልጆቹም አያውቁም ነበር። በ1869 በመጨረሻው የገና በዓሉ ከቤተሰቡ ጋራ ቃል እየጨመሩ በቃል የመያዝ ጨዋታ ሲጫወቱ፥ ተራው ሲደርስ የዚያን የጫማ ቀለም ስምና አድራሻ ጨመረ። ምን ማለቱ እንደ ሆነ ከልጆቹ የገባው አልነበረም።