ፖል ባራን፦ የማይቆረጥ መስመር ያሰበው የስደተኛ ልጅ

ማታ ሥራ ጨርሳችሁ ለእናታችሁ በኢሞ የምትልኩት የድምፅ መልእክት እንዳለ አንድ ላይ አይጓዝም። ተቆራርጦ ይሄድና እናታችሁ ስልክ ላይ ሲደርስ ተገጣጥሞ ይሰማል። ይህን ዘዴ አስቀድመው ካሰቡት ሰዎች አንዱ ፖል ባራን ነው። ወደዚህ ሐሳብ የመራው ግን ናፍቆት ሳይሆን የኒውክሌር ጦርነት ስጋት ነበር።

ባራን እ.ኤ.አ. በ1926 በግሮድኖ ከተማ ተወለደ። ከተማዋ ያኔ በፖላንድ ሥር ነበረች፤ ዛሬ የቤላሩስ ናት። የሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። አባቱ ፊላደልፊያ ውስጥ የምግብ ሸቀጥ ሱቅ ከፈተ። ልጁ እዚያው ከተማ በ1949 በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመረቀ። በኋላ ሎስ አንጀለስ ሄዶ ቀን እየሠራ፣ ማታ እየተማረ በ1959 ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ። በዚያው ዓመት ለአየር ኃይሉ ጥናት በሚያካሂደው ራንድ በተባለ ተቋም ተቀጠረ።

ዘመኑ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በኒውክሌር ሚሳይል የተፋጠጡበት ነበር። የጦር ትእዛዝ የሚተላለፍባቸው የስልክ መስመሮች በጥቂት ትልልቅ ማዕከላት ላይ የተንጠለጠሉ ነበሩ። ማዕከላቱ ከተመቱ አዛዡና ወታደሩ መነጋገር አይችሉም። መስመሩ እንዳይቆረጥበት የሚፈራ መሪ ደግሞ ሳይቀደም ለመቅደም ይቸኩላል። ከተመታ በኋላም መነጋገር እንደሚችል የሚያውቅ መሪ ግን ታግሶ ያጣራል። ባራን የተጨነቀው ለዚህ ነበር።

መፍትሔው ማዕከል የሌለው መረብ ሆነ። እያንዳንዱ ጣቢያ ከሦስት ወይም ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር ይያያዛል። መልእክቱ በትንንሹ ይከፈላል፤ አንዱ መንገድ ሲዘጋ ቁራጩ በሌላው ዞሮ ይደርሳል። በኮምፒውተር ሲፈትሸው፣ ብዙ ጣቢያዎች ቢወድሙም የተረፉት መገናኘት እንደሚችሉ አየ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ይኸው ነው።

በ1964 ጥናቱን በተከታታይ ጥራዞች አወጣ። ትልቁ የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ አይሠራም ብሎ አልተቀበለውም። አየር ኃይሉ ሐሳቡን ቢወደውም፣ ሥራው ሊሰጥ የነበረው ለሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። ባራን መሥሪያ ቤቱ ለዚህ የሚበቃ ሙያ የለውም ብሎ ስላመነ፣ ተበላሽቶ ከሚሠራ ይቆይ ሲል ራሱ ሐሳቡን ሳበ።

በብሪታንያም ዶናልድ ዴቪስ ለብቻው እዚያው ሐሳብ ላይ ደረሰ። በ1969 የኢንተርኔት መነሻ የሆነው አርፓኔት በዚሁ ዘዴ ሥራ ጀመረ። ባራን በ2011፣ በ84 ዓመቱ ካሊፎርኒያ ውስጥ አረፈ። የኢንተርኔት ምስጋና የብዙ ሰዎች እንጂ የአንድ ሰው እንዳልሆነ ሲናገር ኖሯል።

እናንተም ከእሱ አንድ ነገር ውሰዱ፤ ሁሉን በአንድ መስመር ላይ አታንጠልጥሉ። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ይወሰዳልም። የቤተሰብ፣ የአንድ ጓደኛና የኤምባሲያችሁን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ ቢያንስ አንዱን በቃላችሁ አጥኑ። አንዱ መንገድ ሲዘጋ ሌላው ያደርሳችኋል።