ጆን ፍሊን፦ ሐኪም በአውሮፕላን ወደ በረሃ የላከው መጋቢ

አውስትራሊያ የምትኖሩ ወገኖች ይህን ሰው ሳታውቁት በኪሳችሁ ይዛችሁት ትዞሩ ይሆናል። ከ1994 ጀምሮ በሃያ ዶላሩ ኖት በአንዱ ገጽ ላይ ያለው ባለ መነጽር ሰው ጆን ፍሊን ይባላል። የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር። ከጎኑ ግመልና አውሮፕላን አብረው መታየታቸው ግራ ያጋባ እንደሆነ ታሪኩን ላጫውታችሁ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍሊን በ1880 በቪክቶሪያ ግዛት ሞሊያጉል በምትባል የወርቅ ቆፋሪዎች መንደር ተወለደ። አባቱ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ በወሊድ ምክንያት ሞተችበት። ሐኪም በሌለበት አገር ስለሚወልዱ እናቶች ዕድሜውን ሙሉ ሲጨነቅ የኖረ ሰው መሆኑን ሳስብ፣ ይህ ሐዘን ከልቡ ወጥቶ ያውቅ ይሆን እላለሁ። ካደገ በኋላ ጥቂት ጊዜ አስተምሮ ወደ ነገረ መለኮት ትምህርት ገባ። ገና ተማሪ ሳለ ለገጠር ሠራተኞች በ1910 አንዲት የኪስ መጽሐፍ አሳተመ። በውስጧ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ፣ ጸሎትና የቀብር ሥርዓት ነበረባት። ሰው በበረሃ ሲሞት የሚቀብረው መጋቢ በአቅራቢያ ስለማይገኝ፣ ጓደኞቹ ራሳቸው እያነበቡ እንዲቀብሩት ነው።

በ1911 ተሾመና በደቡብ አውስትራሊያ በረሃ ጫፍ ወደምትገኘው ወደ ቤልታና ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት ቤተ ክርስቲያኑ የሰሜኑን ግዛት ሁኔታ አጥንቶ እንዲያቀርብ ላከችው። ያቀረበው ዘገባ የአውስትራሊያ የመሃል አገር ሚሽን እንዲቋቋም ምክንያት ሆነ፤ መሪነቱም ለእርሱ ተሰጠ። ዕድሜው 31 ነበር። እስኪሞት ድረስ 39 ዓመት በዚያው ሥራ ላይ ቆየ። መጋቢዎችን በግመል እየላከ ተበታትነው የሚኖሩትን ሰዎች አስጎበኘ፤ ራቅ ባሉ ስፍራዎችም ነርሶች የሚያገለግሉባቸውን ትንንሽ የሕክምና ቤቶች አቆመ። ይሁን እንጂ ነርሷ ከአቅሟ በላይ የሆነ በሽተኛ ሲመጣባት ምን ታድርግ? በዚያን ዘመን ወደ 2 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ለሚደርስ ምድር የነበሩት ሐኪሞች ሁለት ብቻ ነበሩ ይባላል።

በ1917 የሆነው ነገር ጥያቄውን የአገር ሁሉ ጥያቄ አደረገው። ጂሚ ዳርሲ የተባለ ወጣት ከብት ጠባቂ ከፈረስ ወድቆ ክፉኛ ተጎዳ። ጓደኞቹ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ተሸክመው ሆልስ ክሪክ ወደምትባል መንደር አደረሱት። እዚያም ሐኪም አልነበረም። የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ፍሬድ ተኬት የመጀመሪያ እርዳታ ትምህርት ስለተማረ ብቻ ነገሩ በእርሱ ላይ ወደቀ። በቴሌግራፍ ፐርዝ ያለውን ዶክተር ሆላንድን አገኘው፤ በመንገድ ቢኬድ ከ2,500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ዶክተሩ በዚያ በኩል እያዘዘ፣ ተኬት በዚህ በኩል በሰንጢ የልጁን ሆድ ቀደደ። አንድ መልእክት ይመጣል፣ ጥቂት ይቆርጣል፣ ደግሞ ይጠይቃል። ልጁ ከቀዶ ሕክምናው ተረፈ፤ ነገር ግን ሌላ ሕመም ተነሣበት። በዚህ ጊዜ ዶክተሩ ራሱ ጉዞ ጀመረ። በከብት ጫኝ መርከብ፣ ቀጥሎ በፎርድ መኪና፣ ቀጥሎ በፈረስ ጋሪ፣ መጨረሻ ላይም በእግሩ ተጉዞ ሲደርስ፣ ዳርሲ ከአንድ ቀን በፊት ሞቶ ነበር። ወባና መግል የቋጠረ ትርፍ አንጀት ገድለውታል።

በዚያው ዓመት ለፍሊን አንድ ደብዳቤ ደረሰው። ጸሐፊው ክሊፎርድ ፒል የሚባል የሕክምና ተማሪ ሲሆን፣ በጦርነቱ ለመዋጋት አብራሪነት ይሠለጥን ነበር። ሐኪሞችን በአውሮፕላን መላክ እንደሚቻል ወጪውን ጭምር አስልቶ አሳየ። ፍሊን ሐሳቡን በሚሽኑ መጽሔት አወጣው። ፒል በመስከረም 1918 ፈረንሳይ ውስጥ ተገደለ፤ ደብዳቤው ምን እንዳፈራ ሳያይ።

ፍሊን ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ጠበቀ። ጠበቀ ስል እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ ማለቴ አይደለም። ገንዘብ ለመነ፣ ጻፈ፣ ባለ ሥልጣናትን ደጅ ጠና። ደግሞም ሐኪሙ አውሮፕላን ቢኖረውም በሽተኛው የሚጠራበት መንገድ ከሌለ ምን ይጠቅማል? ስልክም ኤሌክትሪክም የሌለው ቤተሰብ የሚጠቀምበት ሬዲዮ ያስፈልግ ነበር። አልፍሬድ ትሬገር የተባለ የአደሌድ መሐንዲስ አገኘና በ1926 አብረው በበረሃ ሙከራ ጀመሩ። መልእክታቸውን ከተቀበሉት መካከል በሄርማንስበርግ የነበረው የሉተራን ሚሽን ይገኝበታል። ትሬገር እንደ ብስክሌት በእግር እየተረገጠ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ሬዲዮ ሠራ።

አገልግሎቱ እንዲጀመርባት የተመረጠችው ከተማ ክሎንከሪ ናት። ክሎንከሪ በኩዊንስላንድ፣ ከታውንስቪል የባሕር ዳርቻ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ገብታ፣ አውስትራሊያውያን አውትባክ በሚሉት ሰፊና ደረቅ ምድር ላይ ትገኛለች። ምድሩ ከጥንት የሚታኩዲ ሕዝብ ነው። በ1867 መዳብ ሲገኝ ነጮች ጎረፉባት፤ የአፍጋን ግመል ነጂዎችና ቻይናውያንም መጡ፤ መቃብሮቻቸው ዛሬም በከተማዋ አሉ። መዳቡ ዋጋው ሲወድቅ ብዙው ሰው ተበተነ። ግን ባቡር ነበራት፣ ሆስፒታል ነበራት፣ ካንታስ የተባለው አየር መንገድም ከ1922 ጀምሮ ይመላለስባት ነበር። ሐኪም የሚያበርር ድርጅት ከዚህ የተሻለ ስፍራ አያገኝም።

ማኬይ የተባለ የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ ባለቤት ለዚሁ ሙከራ 2,000 ፓውንድ ተናዝዞ ሞተ። ግንቦት 17 ቀን 1928 ዶክተር ሴንት ቪንሰንት ዌልች ከካንታስ በተከራዩት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን፣ አርተር አፍሌክ እያበረረ፣ ከክሎንከሪ ወደ ጁሊያ ክሪክ ተነሡ። ሥራው ለአንድ ዓመት ሙከራ ነበር የታሰበው። በዚያ ዓመት 50 በረራ ተደርጎ 225 ሕሙማን ታከሙ። በ1929 ፔዳል ሬዲዮው ለእርሻ ጣቢያዎች መታደል ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ በሞርስ ምልክት ብቻ ይሠሩ ስለነበር፣ ትሬገር ፊደሉን ሲጫኑት ሞርሱን ራሱ የሚልክ መሣሪያ ፈጠረላቸው። በኋላም በድምፅ መነጋገር ተቻለ። ለወራት የሌላ ሴት ፊት ሳያዩ የሚኖሩ እናቶች በአየር ሞገድ ላይ ጎረቤት አገኙ። እኔ እንደማስበው ይህ ከበረራው አያንስም።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ ያደረገው ነው። ሥራው ከአንዲት ቤተ እምነት አቅም በላይ እየሰፋ መሄዱን ባየ ጊዜ፣ በ1930ዎቹ ለአገር አቀፍ ድርጅት ተላልፎ እንዲሰጥ ተስማማ። ስንቶቻችን የወለድነውን አገልግሎት ለሌላ እናስረክባለን? ራሱ ዘግይቶ በ51 ዓመቱ ጸሐፊው የነበረችውን ጂን ቤርድን አገባ፤ ከ1939 እስከ 1942 የቤተ ክርስቲያኑ ጠቅላይ መሪ ሆነ፤ በ1951 ሲድኒ ውስጥ በካንሰር ሞተ።

ይህን ብቻ ተርኮ ማቆም ግን ልክ አይመስለኝም። ፍሊን የደከመው በዋናነት ለነጭ ሰፋሪዎች ነበር። የምድሩን ነባር ሕዝቦች የሚመለከተው ሥራ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የሌላ ክፍል ኃላፊነት ነው ተብሎ ተለይቶ ነበር። ቻርልስ ዱጊድ የተባለው ሐኪም፣ እርሱም የዚያችው ቤተ ክርስቲያን አባል፣ ፍሊንን በዚህ ነገር ገና በሕይወት ሳለ አጥብቆ ወቅሶታል። ወቀሳው እውነት አለው። ከሞቱ በኋላ የሆነውም ያሳዝናል። አመዱ በአሊስ ስፕሪንግስ አጠገብ ሲያርፍ፣ ለነባሮቹ ሕዝቦች ቅዱስ ከሆነው ከካርሉ ካርሉ ግዙፍ ክብ ድንጋይ ያለ ፈቃዳቸው ተወስዶ በመቃብሩ ላይ ተቀመጠ። ባለቤቶቹ ለብዙ ዓመታት ጠየቁ። በ1999 ድንጋዩ ወደ ስፍራው ተመለሰ፤ የአሊስ ስፕሪንግስ ምድር ባለቤቶች የአሬርንቴ ሰዎችም ከራሳቸው ምድር ሌላ ድንጋይ ለመቃብሩ ሰጡ።

የበራሪው ሐኪም አገልግሎት በ1955 ንጉሣዊ የሚለውን ማዕረግ አገኘ፤ ዛሬም በመላው አውስትራሊያ ይሠራል። የክሎንከሪው ጣቢያ በ1960ዎቹ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ ማዕድን ከተማዋ ማውንት አይዛ ተዛወረ። ክሎንከሪ ግን በ1988 በፍሊን ስም ሙዚየም ከፍታለች።