ጄምስ ብሬይድ - ሊያጋልጥ ሄዶ ሊመረምር የተመለሰው ሐኪም

ሰውን አፍዝዞ የሚያስተኛ ሰው አለ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አንዳንዱ አስማት ነው ብሎ ይፈራል፤ ሌላው ውሸት ነው ብሎ ይስቃል። ዛሬ የምናስተዋውቃችሁ ሐኪም ግን አልፈራም፤ ስቆም አልቀረም። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጄምስ ብሬይድ በ1795 በስኮትላንድ ተወለደ። በኤዲንብራ ሕክምና ተማረ። በመጀመሪያ የእርሳስ ማዕድን ቆፋሪዎች ሐኪም ሆኖ ሠራ። በኋላም እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ከተማ ገብቶ የተጣመመ እግር በማቃናት የታወቀ የቀዶ ጥገና ሐኪም ሆነ።

ከእርሱ በፊት ሜስመር የተባለ ሐኪም ከሰውነቱ በሚወጣ የማይታይ ኃይል በሽተኛን እንደሚፈውስ ይናገር ነበር። በ1784 በፈረንሳይ ንጉሥ ትእዛዝ የተሰየሙ ሊቃውንት መርምረው እንዲህ ያለ ኃይል የለም አሉ። ሆኖም ሜስመርን የተከተሉ ሰዎች በየከተማው እየዞሩ ትርኢት ማሳየታቸውን አልተዉም።

በኖቬምበር 1841 ከእነዚህ አንዱ፣ ላፎንቴን የሚባል ፈረንሳዊ፣ ማንቸስተር መጣ። ብሬይድ ማታለሉን ለማጋለጥ ወደ ትርኢቱ ሄደ። በመጀመሪያው ምሽት ጥርጣሬው አልተለወጠም። በሌላ ቀን ተመልሶ ሲመለከት ግን ከፈዘዙት ሰዎች አንዱ ዓይኑን መግለጥ እንደተሳነው አስተዋለ። ይህ ማስመሰል አልነበረም። ታዲያ ምክንያቱ ምን ይሆን?

ብሬይድ መልሱን በቤቱ ፈለገ። አንድ ወዳጁን የጠርሙስ አንገት ላይ ዓይኑን ተክሎ እንዲያይ አደረገው። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ የወዳጁ ዓይን ተከደነ። ቀጥሎ ሚስቱን፣ ከዚያም አሽከሩን ሞከረ፤ ውጤቱ ያው ሆነ። ማንም አልዳሰሳቸውም፤ ጠርሙስም ኃይል የለውም። እንግዲህ ምስጢሩ በአፍዛዡ እጅ ሳይሆን በአንድ ነገር ላይ በተሰበሰበው በሰውየው በራሱ አእምሮ ውስጥ ነበር።

በ1842 አንድ ቄስ ነገሩን የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ሰበኩ። በዚያው ዓመት ማንቸስተር ላይ የተሰበሰቡ ሳይንቲስቶችም ጽሑፉን አልቀበልም አሉት። ብሬይድ ለቄሱ በጽሑፍ መለሰ፤ ለሳይንቲስቶቹም ራሱ ስብሰባ ጠርቶ ሙከራውን አሳየ። በ1843 ባሳተመው መጽሐፍ የሂፕኖቲዝምን ስም አስተዋወቀ። ቃሉ በግሪክኛ እንቅልፍ ከሚለው የመጣ ነው። በኋላ ግን እንቅልፍ አለመሆኑን ስለተረዳ በ1847 ስሙን ሊለውጥ ሞከረ፤ ሕዝቡ ለምዶት ስለነበር አልሆነለትም። እስከ ዕለተ ሞቱ እንደተመራመረ በ1860 አረፈ።

ከሞተ ከ95 ዓመት በኋላ፣ በ1955፣ የብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበር ሂፕኖሲስ በሕክምና ሊረዳ እንደሚችል ተቀበለ። ዛሬ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ሕመምን ለማስታገስ፣ ጭንቀትን ለመቀነስና ለአንዳንድ የአንጀት ሕመም ይጠቀሙበታል። ሕመምተኛው ይሰማል፤ ፈቃዱም አይወሰድበትም። ይሁን እንጂ ሁሉንም ሰው እኩል አይረዳም፤ የመድኃኒትንም ቦታ አይተካም። የተረሳን ነገር ለማስታወስ ቢሞከርበት ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ የጨዋታ ነገር አይደለም፤ ጓደኞቻችሁ ላይ አትሞክሩት።

ውድ ተማሪዎች! ብሬይድ ሊያጋልጥ የሄደበትን ነገር እውነት ሆኖ ሲያገኘው አላፈረም፤ የራሱ ስም ስሕተት ሲሆንም ለማረም ተነሣ። እናንተም ወሬ ስትሰሙ ወዲያው አትመኑ፤ ወዲያውም አትናቁ። ጠይቁ፣ ተመልከቱ፣ መርምሩ።